ለክፉዎች ችሎት ሰብሳቢ፣ ስለ እትዬ ስንዱ የጓሮ በር

ለተከበሩ አቶ ፍቅረሥላሴ
«የክፉዎች ችሎት» የተባለው የቴሌግራም ቡድን መሥራችና ሰብሳቢ
ቡራዩ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤና፣ ስልክዎንም በሙሉ ቻርጅ እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ቡራዩ ውስጥ ከእትዬ ስንዱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር፣ ጠዋት በሚኒባስ አዲስ አበባ ሄጄ መድኃኒት ቤት የምሠራ፣ ማታ ደግሞ ችሎትዎን ሳነብ የማመሽ ተራ አባል ነኝ። በቡድኑ ውስጥ እንዳልናገር ስለታገድኩ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

አስቀድሜ ላመስግንዎት። የሐሙስ ማታውን ተከታታይ ድራማ ሁላችንም እናየው ነበር፤ ከገጸ ባሕርያቱ መካከል እውነተኛው ክፉ ማን እንደሆነ በሥርዓት እንድንከራከር ያደረጉን ግን እርስዎ ነዎት። ሦስት መለኪያ ሰጡን፦ ጉዳቱን እያወቀ፣ ሳይቸግረው የሚያደርግ፣ አድርጎም የማይጸጸት። በዚሁ መለኪያ ባሏን በመርዝ የገደለችውን ሴት ሳምንት ሙሉ መረመርናት፤ በልጅነቷ ብዙ መከራ ማየቷ ሲታወቅ «የተጎዳች እንጂ ክፉ አይደለችም» ተብላ በነጻ ተሰናበተች። ወንድሙን ያሳሰረው ነጋዴም እናቱ ስላልወደደችው ነው ተብሎ ታለፈ። እንዲህ ያለ አዛኝ ችሎት በሰፈሬ መገኘቱ አኩርቶኝ ነበር። ቅሬታዬ የሚጀምረው ድራማው ለእረፍት ከተቋረጠ በኋላ ነው።

አንደኛ፤ የሚዳኝ ክፉ ሲጠፋ የእትዬ ስንዱን ፎቶ ለጥፎ «ከእኛም ሰፈር መንገድ የዘጋችብን አንዲት እጩ አለች» ያለውን አባል አመስግነው ክርክሩን ከፈቱ። እትዬ ስንዱን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፦ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አከራዬ ናቸው። ግቢያቸው ወደ አምቦ መንገድ የሚያወጣ አቋራጭ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ታክሲ ለመያዝ በፊት በር ገብቶ በጓሮ በር ሲወጣ ለዓመታት አንድም ቀን ከልክለው አያውቁም። ዘንድሮ ዝናቡ ሲበረታ ጓሮ ያለው የአሮጌ ሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን መስመጥ ጀመረ። ሰው እንዳይገባበት ፈርተው፣ የሚጠግን ሠራተኛ እስኪያገኙ በሩን ቆለፉት። ለጠየቃቸው ሁሉ ይህንኑ ነግረዋል፤ ችግሩ የጠየቃቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፤ ማስረጃዎ። በፎቶው ላይ እትዬ ስንዱ ከተቆለፈው በር ፊት ቆመው ፈገግ ብለዋል፤ እርስዎም ከሥሩ «አለመጸጸቷ ተረጋግጧል» ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ ፎቶው ሲነሳ እኔ እዚያው ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ያነሳቻቸው ጎረቤታችን ቲቲ ናት። እትዬ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉልኝ ስትላቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉላት። ይህንን ለቡድኑ ብጽፍ፣ የተከሳሽ ተከራይ ምስክር አትሆንም ብለው አፌን ዘጉልኝ። ስለ ሕግ አክባሪነትዎ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ክፉ ናት ተብሎ ድምፅ ከተሰጠባቸው በኋላ የመጣው። ጎረምሶች የድራማውን ሙዚቃ እያፏጩ በበራችን ማለፍ ጀመሩ። ባለሱቋ ዳቦው ፊቷ ተደርድሮ እያለ እትዬ ስንዱን አልቋል አለቻቸው። ሲመሽ ቆርቆሯችን ላይ ድንጋይ ያርፍ ጀመር። እትዬ ስንዱ ቴሌግራም የላቸውም፤ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቁኝ እንደምንም አስረዳኋቸው። ስለ ድራማው ሴትዮም ነገርኳቸው።

«ባሏን የገደለችውንስ ምን አሏት?» አሉኝ።

«አዘኑላት» አልኳቸው።

ተነሱና ቤታቸው ገብተው የበራቸውን መቀርቀሪያ ከውስጥ ወረወሩት። ከዚያን ቀን በኋላ በሩን በቀንም ክፍት አልተዉትም።

አራተኛ፤ እሑድ ከሰዓት አባላትዎ መዶሻ ይዘው መጥተው የጓሮውን በር ሰበሩ። እትዬ ስንዱ እጃቸውን ዘርግተው ከፊታቸው ቆሙ። «ጉድጓድ አለ ልጆቼ፣ ጉድጓድ አለ» ሲሉ፣ ስልክ የያዘው ሁሉ እየሳቀ ይቀርጻቸው ነበር። ቀድሞ የገባው ከብረታ ብረት ቤት የሚሠራው ዲኖ ነው። ክዳኑ ከሥሩ ከዳው። በገመድ እስኪወጣ ድረስ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ እግሩ ተሰብሯል። ጋቢያቸውን አውልቀው ያለበሱት እትዬ ስንዱ ናቸው፤ ይህንን የቀረጸ ሰው ግን አልነበረም። እኔ የዋህዋ፣ አሁንስ እውነቱ ወጣ ብዬ ስልኬን ብከፍት የእርስዎ ጽሑፍ ጠበቀኝ፦ «ጉድጓዱን ማን አዘጋጀው?» ከሥሩ ያለው የልብ ምልክት ተቆጥሮ አያልቅም። አንዱ አባል፣ እግር ለእግር ነው፣ ብሎ ጽፏል፤ እሱን አላገዱትም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እትዬ ስንዱ አንድ ቦርሳ አንጠልጥለው ወጡ። ዲኖ ተሻለው ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቅኋቸውም፤ የሚጠይቀኝ እንደሚበዛ ስላወቅሁ ነው። አልተሳሳትኩም።

አሁን ግቢው ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ፉጨቱ አልቆመም። ድሮ እያለፈ የሚሄድ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከክፍሌ መስኮት ትይዩ ሲደርስ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ ይቀጥላል። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ እጩ ሲቀርብልዎ ድምፅ ከማሰጠትዎ በፊት አንድ ሰው ብቻ ልከው፣ በሩን አንኳኩቶ ለምን እንደሆነ ያስጠይቁ። ከበዛብዎት ይተዉት፤ ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ።

ባል ገዳይን በሚምር አንጀትዎ እየተደነቅሁ፣ ድራማ ውስጥ ባለመወለዴ ግን ምሕረትዎ እንደማይደርሰኝ አውቄ በሩቁ እጅ የምነሳ፣ ታዛዥዎ

ፈቲያ ከማል
ከቡራዩ፣ በሩ ከተሰበረው ግቢ

ጭማሪ፦ በሰበታና በሱሉልታ ቅርንጫፍ ስለከፈቱ እንኳን ደስ ያለዎት። ዛሬ ጠዋት በሱሉልታው ቡድን አንድ ሰው፣ ሰፈራችን አንዲት አሮጊት ተከራይተው ገብተዋል፣ ከማንም አይቀላቀሉም፣ በራቸውም ሁልጊዜ ዝግ ነው፣ የሚያውቃቸው አለ? ሲል ጠይቋል። ከጀርባ የተነሳ ፎቶም አያይዟል። የእኔዋ እትዬ ስንዱ ይሁኑ ሌላ ሰው አልለየሁም፤ ለችሎትዎም ልዩነት እንደሌለው ይገባኛል። ከሥሩ የሰጡትን መልስ ግን አንብቤዋለሁ፦ «ፊቷ የሚታይበት የለም?»