ያልተረጨው ክፍል

ይድረስ ለወንድሜ ለዊሳ፤ የኩዌት ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ መላዊ፣ ስሙ ይመስገን፣ ደህና ነን። ሸንኮራው ተቆርጧል፣ የምናልባት ጎሻችንም ወልዳለች።

አባታችን ባረፈ በሦስተኛው ቀን አባ ብሽዋይ መጥተው ነፍሱን ከቤት የሚሸኙበትን ጸሎት አደረሱ። እንደ ደንቡ ጋጣው ሳይቀር ቤቱን ሁሉ ጸበል ረጩት። ያንተ ክፍል ብቻ ቀረ። ከአባታችን ጋር ተጣልተህ ስትሄድ ቆልፈህ ቁልፉን ይዘህ ሄደህ የለ? እኔም ባዶ ክፍል ነው ብዬ ተውኩት። እሱ ግን በሕመሙ ሰሞን እየሳለ በርህ ሥር ተቀምጦ "ዊሳ ጻፈ?" ሲል ነበር የሚውለው።

አሁን እማዬ ምሳ በቀረበ ቁጥር የእሱን ሳህን እዚያው በርህ ሥር ታስቀምጣለች። "እማዬ፣ ምን ነካሽ?" ብላት፣ "አንቺ ከውስጥ ሳሉን አልሰማሽም?" አለችኝ። ድመቷ እንኳ በዚያ በኩል ማለፍ ትታለች።

እሁድ ለአባ ብሽዋይ ነገርኳቸው። "አንቺ ልጅ፣ ጌታ የሲኦልን በር ሰብሮ ስንቱን ነፍስ አውጥቷል፤ የዊሳ ቁልፍ ሊያቅተው ነው?" ብለው ሳቁብኝ። እየሳቁ አብረውኝ መጡና ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። ከዚያ በኋላ አልሳቁም።

አናጢ ልጥራ ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ።

"ተይ፤ የዘጋበት ይክፈትለት።"

ቁልፉን በሰው እንዳትልከው፤ ራስህ ይዘኸው ና። እማዬም፣ እኔም፣ በቤቱ ያለንም ሁሉ ሰላም ብለንሃል።

እህትህ ደሚያና