ኢቃማቸውን ለታካሚያቸው ያስያዙት ሐኪም፦ ዶክተር ስንቅነሽ ወልደሰንበት (1951–2014 ዓ.ም.)

ዛሬ አስከሬናቸውን ከበን የቆምንላቸው ዶክተር ስንቅነሽ፣ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ሽፈራው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ይመኑ፣ ጥር 14 ቀን 1951 ዓ.ም. በደብረ ሲና ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ብርሃን ተምረው፣ በ1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሕክምና ተመረቁ። በዚያው ዓመት እናታቸውን በማኅፀን ካንሰር አጡ። ሕንድ አገር ሄደው በካንሰር የጨረር ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረጉት ከዚህ ሐዘን በኋላ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ከአየር መንገድ ባልደረባው ከአቶ ተክሌ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ማርያማዊትንና ኢሳያስን ወለዱ። አቶ ተክሌ በ1994 ዓ.ም. ጅዳ ሲመደቡ ዶክተርም አብረው ሄደው በአንድ ሆስፒታል የጨረር ክፍል ተቀጠሩ።

ዶክተር ቁጡ ነበሩ። ቀጠሮ ያስተጓጎለ ታካሚ ቤቱ ድረስ ተደውሎ ይገሠጻል። «ጨረር እንደ ጾም ነው፤ መሐል ላይ አይገደፍም» ይሉ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት ወረቀት ለሌላቸው የውጭ ዜጎች የሰጠው የምሕረት ጊዜ አብቅቶ አፈሳው ሲጀመር፣ ሀጀር የምትባል የወሎ ልጅ በእጃቸው እየታከመች ነበር። መካ፣ መንሱር ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ የማኅፀን በር ካንሰር ተገኘባት፤ ጨረሩን ከጀመረች በኋላ ካፊሏ፣ ማለትም በስሙ ያስመጣት አሠሪዋ፣ «ጠፍታብኛለች» ብሎ በማመልከቱ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ተሰረዘ። ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር ዘመዶቿ ዘንድ ተጠግታ ሳለች ፖሊስ ቤት ለቤት ይፈትሽ ጀመር።

ሀጀር ደውላ፣ «እትዬ ዶክተር፣ ኸላስ፣ ከዚህ በኋላ አልመጣም። መንገዱ ሁሉ ፖሊስ ነው» አለች።

ዶክተርም፣ «አንቺ ካልመጣሽ እኛ እንመጣለን» አሏት።

ወረቀት የሌለው ሰው አሳፍሮ መገኘት ሥራ ያሳጣል፣ ያሳስራልም። ቢሆንም አቶ ተክሌ መሪ ይዘው፣ ዶክተር ከኋላ ከሀጀር ጎን ተቀምጠው ያመላልሷት ጀመር።

አንድ ማለዳ ኬላ ላይ ተያዙ። መኮንኑ የባልና የሚስቱን ኢቃማ ተቀብሎ የሦስተኛዋን ጠየቀ። ሀጀር የዶክተርን እጅ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ዶክተር በዐረብኛ፣ «ታካሚዬ ናት። ወረቀት የላትም። ሕክምናዋ አሁን ከተቋረጠ ትሞታለች፤ ከወሰዷት እኔንም አብረው ይውሰዱኝ» አሉ።

መኮንኑ ራቅ ብሎ በስልክ ተነጋገረ። አቶ ተክሌ ያኔ ምን ያህል እንደጠበቁ እስከ ዛሬ አያውቁትም። መኮንኑ ተመልሶ፣ «ስትጨርስ ራስሽ ታመጫታለሽ። እስከዚያ ኢቃማችሁ እኔ ዘንድ ይቆያል» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ሦስቱም ወረቀት አልባ ሆኑ። ሌላ ኬላ ቢገጥማቸው የሚያሳዩት አልነበራቸውም። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ቢሆንስ ብለው በሩን ለመክፈት ይፈሩ ነበር።

ሕክምናው ባለቀ ዕለት ዶክተር ሀጀርን አስቀምጠው፣ «የምትሸሸጊበት ካለሽ ሂጂ፤ የእኛን ነገር ለእኛ ተይው» አሏት።

«እርስዎ ኢቃማዎን ለእኔ አስይዘው እኔ ልደበቅ? ወላሂ አላደርገውም። አገሬ ልግባ» አለች።

ዶክተር ራሳቸው ወስደው አስረከቧት፤ መኮንኑም ቃሉን ጠብቆ ኢቃማቸውን መለሰ። በመልሱ መንገድ ዶክተር መኪናው ውስጥ ተንሰቅስቀው አለቀሱ። አቶ ተክሌ ባለቤታቸው ሲያለቅሱ ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሆስፒታሉ ውላቸውን አላደሰላቸውም። በ2007 ዓ.ም. አገራቸው ገብተው በአዲስ አበባ በሽተኞችን እያከሙ፣ ወጣት ሐኪሞችንም እያስተማሩ እስኪታመሙ ድረስ ሠሩ። ሀጀር ለክትትል ከደሴ ስትመጣ የምታርፈው እነሱ ቤት ነበር፤ ካንሰሩ አልተመለሰባትም።

በ2013 ዓ.ም. ራሳቸው የቆሽት ካንሰር ታመሙ። የተነሡትን ሲቲ ስካን ካዩ በኋላ ባልደረቦቻቸውን፣ «ይህ በጨረር አይድንም፤ ተራዬን ለሚድን ስጡት» አሏቸው። መስከረም 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በስልሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት አረፉ።

ባለቤታቸውን አቶ ተክሌን፣ ልጆቻቸውን ማርያማዊትንና ኢሳያስን፣ እንዲሁም ቤተሰቡ ከልጆቹ ጋር የሚቆጥራትን ሀጀርን ትተው ሄደዋል። የታመሙትን የሚጎበኝ አምላክ ነፍሳቸውን በቀኙ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።