ኩባያውን የጣለው ንፋስ

ጥቅምት 4፣ ሐሙስ

በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ ለስድስት ዓመት በታማኝነት ያገለገለው የሻይ ኩባያዬ ዛሬ ጠዋት ከመስኮቱ ደፍ ላይ ወድቆ ተሰብሯል። የአደጋው መንስኤ ንፋስ መሆኑ ተረጋግጧል። አጣሪ ኮሚቴ፦ እኔ። ምስክር፦ የለም።

ከሰዓት ልምምድ። አውሮፕላኗ ደህና ናት።

ጥቅምት 7፣ እሁድ

የበረራ ትርኢቱ አለቀ። ሜዳው በሰው ጢም ብሎ ነበር። ጥሩንባው፣ ማይክ የያዘው ለፋፊያችን፣ «ሞት ራሱ የሚፈራው ሰው!» እያለ አስተዋወቀኝ። ከሞት ጋር እንኳን ልንፈራራ፣ ተዋውቀንም አናውቅ...

የመጨረሻው ትልቁ ክብ ትንሽ ዝቅ አለ። ሽቅብ ወጥቶ፣ አናቱ ላይ በጀርባ ተገልብጦ፣ ቁልቁል መመለስ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ አናቱ ላይ የከፍታ መለኪያው ከስድስት መቶ ሜትር በታች ካሳየ መሪውን ቁልቁል አትሳብ፤ ተቃንተህ ውጣ።

ንፋስ ገፋኝ። ምን ይደረግ?

መካኒኬ ጋሼ፣ አናቱ ላይ ስንት አነበብክ? አለኝ። ስድስት መቶ፣ አልኩት። የያዘውን ጨርቅ ጨመቀ።

ጥቅምት 8፣ ሰኞ

የትርኢቱ ኃላፊ ደወለ። ሕዝቡ ያቺን ዝቅ ያለችዋን ወዷታል፤ እሁድም ትደገም፣ ሰው የሚመጣው ሊደነግጥ ነው አለ። ደረቴ ተነፋ። ወዲያው ግን የጋሼ ጨርቅ ትዝ አለኝ...

ጥቅምት 10፣ ረቡዕ

ምሳ እህቴ ቤት። ለካ እሁድ መጥታ ኖሯል! መኪና ማቆሚያው ሞልቶባቸው፣ ከአጥሩ ውጪ መንገድ ዳር ቆመው ነው ያዩት፤ እሷ፣ ባሏና ትንሿ ልጃቸው። ክቡ የሚያልቀው ደግሞ እዚያው አናታቸው ላይ ነው።

ጎበዝ ነኝ አይደል? አልኳት። ሰላጣውን እያማሰለች፣

«ጎማህ ላይ ጭቃ ነበር» አለች።

«ዘንቦ ነበራ።»

«አንተ፣ እኔ እኮ መነጽር አድርጌ እንኳ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ያቃተኝ ሰው ነኝ። ጭቃውን ካየሁት ምን ያህል ቀርበሃል ማለት ነው?»

ባሏ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ልጅቷ ከእሁድ ወዲህ አውሮፕላን በሰማች ቁጥር ጠረጴዛ ስር ትገባለች።

ትኬት የቆረጠውን ከገመድ ወዲያ አርቀን እናቆመዋለን። መንገድ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ማን ጠየቀው?

ጥቅምት 14፣ እሁድ

አናቱ ላይ፦ አምስት መቶ ሰማንያ። ሃያ ሜትር ምን አላት? እጄ እንደ ለመደው ሊስብ... ተቃንቼ ወጣሁ። ጥሩንባው ቶሎ ብሎ ሙዚቃ አስከፈተ።

ኃላፊው ምን ነካህ እያለ ተቀበለኝ። ያለፈውን እሁድ ነገርኩት፤ በጽሑፍም ሰጠሁት። ምርመራው እስኪያልቅ ከትርኢት ታግጃለሁ። ለጋሼም እውነተኛውን ቁጥር ነገርኩት።

«ጠይቄህ እኮ ነበር» አለኝ። ሻይ በራሱ ኩባያ ቀዳልኝ።

ማረሚያ፦ በጥቅምት 4 እና 7 በዚህ ደብተር በወጡት ዘገባዎች የንፋስ ስም ያላግባብ ተነሥቷል። ኩባያውን የጣለው የጸሐፊው ክርን ነው። እሁድ ዕለትም ንፋስ አልነበረም፤ መለኪያው ያሳየው አምስት መቶ አርባ ነው። ጸሐፊው አንብቦታል። አንብቦ ስቧል። ለተፈጠረው ስህተት ንፋስን ይቅርታ እንጠይቃለን።