አባባ ጨረቃ ላይ ያገኙት ጉድጓድ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፦ አንተ ደህና ከሆንክ እኛም እንደ ደንቡ ደህና ነን።

በታላቅ ክብር የማበስርህ፣ አባባ በላክህላቸው ቴሌስኮፕ ጨረቃ ላይ አዲስ ጉድጓድ ማግኘታቸውን ነው። «የጸጥታ ባሕር» ከሚሉት የጨረቃ ጥቁር ሜዳ አጠገብ ነው አሉ፤ እኔ ግን ባየው ባየው አጣሁት።

«አንቺ ድሮም ፊትሽ የተቀመጠውን አታዪም» አሉኝ።

«የጨረቃ ካርታው ላይም የለም እኮ፣ አባባ።»

«ካርታ ሠሪው ያንቀላፋ ለታ ነዋ።»

የቴሌስኮፑን መስተዋት ወለወልኩት፤ ጉድጓዱ ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም በየምሽቱ እየሰፋ፣ ትናንት ባሕሩን ጠቅልሎ ዋጠው።

ሱቁ ደህና ነው። ሰዓቶቹን አሁን የምጠግነው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ደንበኞችን በድምፅ እየለዩ ያጫውታሉ። ጨረቃዋ ተውጣ ሳታልቅ አንተ ብትመጣ ደስ ይላቸዋል።

ናፋቂህ፣ ታናሽ እህትህ

ማረሚያ፦ ከላይ «ጨረቃ ላይ» የተባለው በስህተት ነው። ጉድጓዱ ዛሬ ጠዋት አባባ ግድግዳውን ሲያዩ ግድግዳው ላይ፣ ቀጥሎም እኔን ሲያዩ እኔ ፊት ላይ ተገኝቷል።