የሚካኤላን ሳህን ማን ይጠብቅ

ዛሬ ማክሰኞ፣ ጁላይ 9 ቀን 2019፣ በሚናስ ከተማ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ እኔ ባለ ሥጋ ቤቱ ኤውሴቢዮ ላሬታ ይህን የመጨረሻ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ልቤ ደክሟል እንጂ አእምሮዬ አልደከመም። ማንም አላስገደደኝም፤ ሊያስገድደኝ የቻለ ሰውም ተወልዶ አያውቅም፤ ይህን ምስክሮቼና ጎረቤቶቼ ዶኛ ቴልማና ዶን ኒካኖር ያውቃሉ። የውል ጸሐፊው ዶን ኢግናሲዮ፣ የምናገረውን እንዳለ ይጻፉ፤ አያሳምሩብኝ።

ሥጋ ቤቱን ከነመጥረቢያውና ከነሚዛኑ እዚህ አጠገቤ ለተቀመጠው ወንድ ልጄ ለራሚሮ አውርሻለሁ። ሰነፍ ነው፤ ቢላ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

የምኖርበትን ቤት ከነጓሮው ከጎኑ ለተቀመጠችው ሴት ልጄ ለግራሲዬላ አውርሻለሁ። ራሚሮ እንዳይከፋው ምክንያቴን እናገራለሁ። ልጇ ሚካኤላ በተወለደች ሰሞን ከተረከዟ ደም ተወስዶ ተመረመረና፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና አይብ ለአንጎሏ መርዝ እንደሚሆንባት ተነገረን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሥጋ ስሸጥ የኖርሁት ሰውዬ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ግራሲዬላ ከሥራዋ ለቀቀች፤ ድንቹን ሳይቀር እየመዘነች ማብላት ጀመረች። ልደት ሲጠሩን እንቀራለን። የእሑድ ጥብሳችንም ቀረ፤ ልጅቷን ሽታው እንዳያስጎመጃት ብለን እንደ ሌባ በየጓዳው ተደብቀን እንበላ ነበር።

የሚካኤላ አባት እናት ዶኛ ኤልቪራ በሐኪሙ ፊት፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» ብለው ወደ እኔ አዩ። ሐኪሙም፣ «እማማ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ቢሆን ልጅቷ አትታመምም ነበር፤ ሁለታችሁም እኩል አዋጥታችኋል» አላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም ብለውኝ አያውቁም፤ እኔንም አልናፈቁኝም። ነገር ግን ወተቱን የሚተካውን የሚካኤላን ዱቄት በየወሩ ከሞንቴቪዴዮ በአውቶብስ ተሳፍረው የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ምድጃው አጠገብ ያለውን ባለ መደገፊያ ወንበሬን ለእሳቸው ሰጥቻለሁ። ወገባቸውን ያማቸዋል።

በቀብሬ ቀን በጓሮው ጥብስ ይጠበስ። በአንደኛው ጎን ሥጋው፣ በሌላው ጎን ዱባ፣ ስኳር ድንችና ቃሪያ ይሁን። ሚካኤላ ከሁሉም ጋር በአንድ ጠረጴዛ ትቀመጥ። ተደብቆ የሚበላ ሰው ቢገኝ ከዘመዴ አልቆጥረውም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። እኔ ከሞትሁ፣ ግራሲዬላም አንድ ቀን ከታመመች፣ የዚህችን ልጅ ሳህን ማን ይጠብቃል? «ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች» የሚል፣ ከእናቷ በላይ አዛኝ ቅቤ አንጓች በየቤቱ ሞልቷል። ስለዚህ የሳህኗ ጠባቂ እንዲሆን ራሚሮን ሾሜዋለሁ።

ይቆዩ ዶን ኢግናሲዮ፤ ይህንንም ይጻፉ። ሚካኤላ አሁን ብርድ ልብስ ይዛልኝ ገባች። ዶኛ ቴልማ ለእኛ ያመጡትን ብስኩት ዘረጉላት።

«እንኪ የኔ ቆንጆ፣ አንዷ ምን ታደርግሻለች።»

«ምን ምን አለው?»

«ምን ይኖረዋል፣ ብስኩት ነው።»

«መሃሉ ላይ የተቀባው ከወተት ነው አይደል?»

«እሱማ፣ ትንሽዬ።»

«የኔ ምግብ አይደለም ዶኛ ቴልማ። ለአባባም እንዳይሰጡት፣ ልቡን ያመዋል።»

ራሚሮ ሳቀ። «አባዬ፣ አንተም ተያዝክ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንዷን በብርድ ልብሱ ሥር ይዣት ነበር። መለስኋት።

ማንም አላዘዛትም። እኔ አፌን አልከፈትሁም፤ እናቷም ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ሰባት ዓመት ሙሉ በደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነበር፤ ተነሣልኝ። እፎይ ብያለሁ፤ እፎይታዬም ይጻፍ።

የራሚሮን ስም ይሰርዙት፤ በስረዛው ላይ እፈርማለሁ። የሚካኤላን ሳህን የምትጠብቀው ሚካኤላ ናት። የእናንተ ድርሻ ምን ምን አለው ብላ ስትጠይቅ እውነቱን መንገር ነው።

ቃሌ እዚህ ላይ አበቃ። ምስክሮች፣ ወንበር ሳታንኳኩ እየመጣችሁ ፈርሙ፤ ግራሲዬላ በቀትር፣ በተቀመጠችበት፣ እንቅልፍ ወስዷታል።

ኤውሴቢዮ ላሬታ፣ ተናዛዥ (ፊርማ)
ቴልማ ኡሪያርቴ፣ ምስክር (ፊርማ)
ኒካኖር ፔርዶሞ፣ ምስክር (ፊርማ)
ኢግናሲዮ ባልዴስ፣ የውል ጸሐፊ (ፊርማና ማኅተም)