ሣሩን የሚያነሣው እጅ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ከጠዋቱ 2 ሰ.

ዳቦውን ደርድሬ ሳልጨርስ ቶማ ከአገር ቤት ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ በከንቱ አይደውልም። ድንጋይ ፈጪዎች ከመንደራችን በላይ ወዳለው ደን መንገድ ሊጠርጉ ነው። የወንዛችን ምንጭ ያለው እዚያ ነው። ደኑ ከሄደ ምንጩ ይሄዳል፤ ምንጩ ከሄደ እስከ ቆላው ያለው ሁሉ። ይህን ለማወቅ መማር አያሻም።

መንደሩ ሣር ሊያነሣ ተስማምቷል። ማስታወሻዬ ሆይ፣ እስከ ዛሬ አልነገርሁህም፦ በእኛ ደጋ እርጥብ ሣር መንገድ ላይ ከተነጠፈ ማንም አይሻገረውም። የተቆጣም፣ መሣሪያ የያዘም ይቆማል። ሣሩን መጀመሪያ የሚያነሣው ግን ምንጩን የሚጠብቀው ቤት በኩር ነው። በኩሩ እኔ ነኝ። እኔ ግን በሰው አገር ነኝ፤ አሌክሳንድራ በሚባል ሰፈር፣ ከሱቄ የብረት ፍርግርግ ጀርባ።

ና ሊለኝ አልደፈረም። በአንተ ፈንታ እንዳነሣ ቃል ብቻ ስጠኝ ነው ያለው። አልሰጠሁም። ይህ ልማድ ዛፍን ማምለክ ነው ብዬ በወጣትነቴ በዐደባባይ የገሠጽሁ ሰው ነኝ። በአንድ አፍ ሁለት ነገር አልናገርም። ማመልከቻ ይጻፍ፣ ማኅተም ይደረግበት፣ ለወረዳው ይቅረብ አልሁ። እሺ ጋሼ አለ። መቼ እንቢ ብሎ ያውቃል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከቀኑ 7 ሰ.

የትናንቱ ዝናብ የሰፈሩን ወንዝ ጁክስኬን ሞልቶት ወንዙ የዋጠውን ሁሉ ተፍቶታል። ጎጎ ታንዲ መጣች፤ አያት ታንዲ እንደ ማለት፤ ከታችኛው መንገድ ያለችው አሮጊት፣ በየቅዳሜው ሴቶችን ሰብስባ ወንዙን የምታጸዳ። ማይ ፍሬንድ አለችኝ። ስሜን ስንቴ ነግሬአታለሁ። እዚህ የሐበሻ ባለ ሱቅ ሁሉ ማይ ፍሬንድ ነው።

ጭቃ የተለወሰ ሰማያዊ ፌስታል ባንኮኒው ላይ ዘረገፈች። የማን ነው? የእኔ ነው፤ በዚህ መንገድ ሰማያዊ የምሰጥ እኔ ብቻ ነኝ። አፈርሁ። ባዶ ጆንያ ሰጠኋት። አልሄደችም። እጅህ ታሟል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ሱቁን ዘግቼ ወረድሁ። እስከ ቅልጥሜ ጭቃ። ፈቃዱን ማን ሰጣችሁ፣ መሪያችሁስ ማን ነው አልኋት። እስኪያስላት ሣቀች።

‹‹ቡትስ ያለው ይቀድማል፣ ማይ ፍሬንድ!››

ማኅተም የለ፣ በኩር የለ። ወንዙ ግን ዛሬ ትንሽ ይፈሳል። ምን ልበል?

ሌላም ነገር አእምሮዬን ያውከዋል። የደብራችን ጥድ አይቆረጥም፤ የቆረጠ ይገዘታል። ያ ቅድስና ነው፤ የምንጫችን ዝግባ ባዕድ አምልኮ ነው። ድንበሩ የት ላይ ነው? የኔታ አላስተማሩኝም። ወይም የዚያን ዕለት አልሰማሁም።

እሑድ፣ ኅዳር 7። ከቀኑ 9 ሰ.

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ስልኬን ከፈትሁ። ቶማ አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል። በቅዳሴ ስልክ አልከፍትም፤ ነውር ነው። አሁን ይህንንም እጠራጠራለሁ።

መልሼ ደወልሁ። መንገድ ጠራጊው ማሽን ዛሬ ጠዋት መጣ። በሰንበት! የወረዳው ሰው መስክ ወጥቷል፤ ማመልከቻው ጠረጴዛ ላይ ነው። መንደሩ በሙሉ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ሣሩ እግራቸው ሥር፣ ጤዛው ገና ያልረገፈ። ማንም አላጎነበሰም። የበኩሩ ቃል አልመጣማ! ማሽኑ በመካከላቸው አልፎ ሦስት ዝግባ ጣለ።

ለምን አላነሣህም ብዬ ጮኽሁበት።

‹‹አንተ ሳትነካ፣ ጋሼ?››

በልጅነቱ ከእኔ ቀድሞ ቆሎ ስለ ዘገነ በጥፊ የመታሁት እኔ ነኝ። ደንብ ይወቅ ብዬ። አወቀ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከቀኑ 8 ሰ.

ቃሌን ሰጠሁ። ትክክል ይሁን ስሕተት አላውቅም፤ ቶማ በእኔ ፈንታ ያንሣ አልሁ። ሽማግሌዎቹ አልተቀበሉም። ቃል የሚበቃው ዛፉ ሳይወድቅ ነበር። ድንበሩ ከተጣሰ በኋላ የበኩሩ እጅ ራሱ ነው የሚፈለገው። ማሽኑ ዓርብ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ፓስፖርቴ ጊዜው አልፎበታል፤ አዲሱ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል።

አንድ መንገድ ግን አለ አሉ። በኩሩ በሕይወት እያለ ታናሹ አይቀድምም። በኩሩ ከሞተ ግን ወግ ወደ ታናሹ ያልፋል። ስለዚህ ለቅሶ ሊቀመጡልኝ ይጠይቃሉ። ለእኔ!

ዕቃ ሊያራግፍ ለመጣው ለአገሬ ልጅ ለአበራ ነገርሁት። ምክር ፈልጌ ነበር። ካርቶኑን መሬት ጥሎ ሣቀ።

‹‹ጋሽ ደስታ፣ ሞቶ ሱቅ የሚከፍት የመጀመሪያው ሰው ሊሆኑ ነው! ንፍሮውን እዚሁ እንቀቅል?››

ተቆጣሁት። ከሄደ በኋላ እኔም ሣቅሁ። ለምን እንደ ሣቅሁ አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከጠዋቱ 4 ሰ.

ሐሰት ነው። ሕያው ሰው ሞተ ማለት ሐሰት ነው። ለአንድ ምንጭ ሲባል ሐሰት ይፈቀዳል? ለአንድ አውራጃ ውኃስ? አይፈቀድም። ይህን ጽፌ እጄ ቆመ።

ለትልቁ ሽማግሌ ደወልሁ። ማንም ሞተ አይልም አሉኝ፤ አንዲት ጠዋት እንቀመጣለን፣ ከዚያ እንነሣለን፤ የሚጠይቅ የለም። እኔ አሁንም ስከራከር አቋረጡኝ።

‹‹ልጄ፣ የሄድህ ጊዜ አልቅሰንልሃል። ይህ ሁለተኛው ነው።››

ተሰናብቼ ስልኩን ዘጋሁ።

እውነቱን ልጻፍ፤ ማስታወሻዬ ሆይ፣ ከአንተ በቀር የሚያነበው የለም። የሚያስጨንቀኝ ሐሰቱ ብቻ አይደለም። ከተቀመጡልኝ በኋላ ብመለስ ከቶማ በታች እቀመጣለሁ። ዋንጫው ከእርሱ በኋላ ይደርሰኛል። በምርቃት ቀድሞ የሚጠራው የእርሱ ስም ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከፍርግርግ ጀርባ ቀና አድርጎ ያቆመኝ ይህ ነበር፦ እዚህ ማንም ልሁን፣ እዚያ በኩር ነኝ። ትዕቢት ነው? ክብር ነው? ትናንት እለየው ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 10 ሰ.

ወሰንሁ። ደወልሁ።

ነገ ጎሕ ሲቀድ ይቀመጡልኝ። ፀሐይ ሳትወጣ ይነሡ። ከዚያ ቶማ ሣሩን ያንሣ፤ ማሽኑ ሲመጣ ተነጥፎ ይቆየው። አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ፦ ስለ እኔ ማንም በአፉ እንዳይዋሽ። ይቀመጡ፣ ዝም ይበሉ።

ቶማ አለቀሰ። እጄ አይነሣም አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ አለኝ። አዘዝሁት። እንደ በኩር የማዘው የመጨረሻው ነው። እሺ አለ።

ነገ ሱቁን አልከፍትም። ደንበኛው ይጠይቃል። ጎጎ ታንዲ ደግሞ ሳታንኳኳ አትቀርም፤ ማን ሞተብህ ትለኛለች። ዋሽቼ አላውቅም። ዝም ብል ዝምታውም ሐሰት ነውን? ደግሞስ ለገዛ ራሱ የሚለቀስለት ሰው ጥቁር ይለብሳል ወይስ እንደ ወትሮው ይውላል?