የክሮቹ ቦታ

…ከጨርቁ ክምር ስር ስትደበቂ እማዬ ዞር እንኳ ሳትል እግርሽን ይዛ ትጎትትሽ የነበረው ትዝ ብሎኝ ነው የጻፍኩልሽ። እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

የወንድማችን ሚስት፣ ያቺ ልታይ ልታይ ባይ፣ የእማዬን የስፌት ክፍል «አስተካከለችው»። የራሷን ቁም ሣጥን የከፈተ ልብስ ይወርድበታል፤ እዚህ ግን ክሩን ሁሉ በቀለም ለይታ በፕላስቲክ ሳጥን ደረደረች።

በማግስቱ እማዬ ጥቁር ሱሪዬን በቀይ ክር ዘመዘመችው።

«እማዬ፣ ቀይ እኮ ነው» አልኳት።

«የጥቁሩ ቦታ መስኮቱ ጥግ ነበር፤ ማን አነሳው?»

የዚያች ግብዝ ጥፋት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? ክሮቹን ወደ ድሮ ቦታቸው መልሻቸዋለሁ። አንቺም ፎቶ መላኩን ተይና ደውዪላት፤ የላክሽውን ሳሳያት «ድምጿስ?» ነው የምትለኝ። ደህና ሁኚልኝ፣ የእናቴ ልጅ።

መሽቷል። እማዬ አሁን መብራት ሳታበራ ስፌት ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።